አንድ ቅጽ ለአንድ ሰው

መምህር ላንቃሞ ወረቀቱን ሲያድሉ
«በእርሳስ ጀምሩ፣ ቀስ በሉ» እያሉ፣
ከኋላ ወንበር ላይ እነ ቡሪሶ አሉ፣
ገና ስም ሳይጽፉ ዕጣ እየጣሉ።

ሦስት መስመር ነው ያለው፣ ሦስት ባዶ ቦታ፣
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ በተርታ።
ደወሉ ተደወለ፤ ምንም ሳልጽፍ ወጣሁ፣
ቅጹን በሒሳብ ደብተር ሸጉጬ መጣሁ።

አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳው ቆሟል፣
የዓሣ አንጀት ጠባቂ፣ አናቱ ተመልጧል።
አባቴ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ጋራ
ይጨቃጨቃል ያው፣ እንደ ባለጋራ።
ካንዴላዋን ነቀልኩ፣ በጨርቅ ጠረግኳት፣
ጥላሸቷን ፋቅኩና መልሼ አሰርኳት።
ሁለቴ አስነጠሰች። በሦስተኛው ጮኸች።

«ይኸው» አለኝ አባቴ፣ «ያንቺ ነገር ይህ ነው።
ፖሊ ቴክኒክ ግቢ፤ ሁለት ዓመት እኮ ነው!
ከዚያ ደመወዝ አለ፣ እዚሁ ከደጄ።
የሩቁን ትምህርትማ ማን ኖሮ ያየዋል፣ ልጄ?»
እጁን በቤንዚን ጨርቅ እየጠራረገ
ሳለ። ረጅም ሳል።

መምህሩ ደግሞ ሌላ፦ «አንቺ ልጅ፣ ሒሳብሽ
አዳማ ያስገባል፤ አዳሪ ቤት ገብተሽ
ጠዋት ቤተ ሙከራ፣ ማታ መጻሕፍት ቤት…
ካንዴላ መጥረግ ነው ወይ የአንቺ ዕውቀት?»
«አዳማ ሐይቅ አለው?» ብዬ አልጠየቅኩም፤
እንዲህ ያለ ጥያቄ ለፈተና አይመጣም።

ቡሪሶ ሳቀብኝ፦ «የእኔን ገልብጪ!
እዚሁ መሰናዶ! ምን ያስጨንቅሻል፣ ምረጪ!»
እናቴ ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ
ማን ይጻፈው ይሆን፣ በየትኛው ቦታ?

ሲመሽ፣ እህቴ መሠለች ከፓርኩ ስትመለስ
(ኮሌታ ትሰፋለች፣ የማታውቀውን ሰው ልብስ)
ሰርቪሱ ከጣላት አስፋልቱ ዳር ቆምን፣
ቅጹን በባጃጅ መብራት አነበብን።
ጠቋሚ ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ፤
በሱ ተከተለች፣ አንድ ፊደል ሳትረሳ።

«ይቆጭሻል?» አልኳት። «ሥራው? አይቆጨኝም።
የአባባ መድኃኒት እስካሁን አልጎደለም።
የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ጓደኛ ነበረች፣
የእጅ ጽሑፏ ያምራል፤ ሰጠኋት፣ ተቀበለች።
አላነበብኩትም። ሞላችው። ጨረሰች።»

ባጃጁ ተነሣ፤ መብራቱም ሄደ።
በጨለማ ቆመን ወረቀቱን አጠፍነው።

ሌሊት፣ በስልክ ብርሃን አንደኛ ላይ ጻፍኩኝ።
ፖሊ… ደመሰስኩት። አዳማ… ደመሰስኩኝ።
ከግድግዳው ማዶ አባቴ ሲስል ላጲሴ
ይሮጣል፤ ዝም ሲል ይመለሳል እርሳሴ።
ንጋት ላይ ወረቀቱ ሳሳ፤ ተበሳ።
በቀዳዳው በኩል የጠረጴዛው እንጨት
አየኝ፣ እንደ ዓይን።

«ሌላ ቅጽ ይሰጠኝ» አልኩ ጠዋት ለመምህሩ።
ወደ ብርሃን አንሥተው በቀዳዳው አዩኝ፤
አልተቆጡም። ቆዩ።
«አንድ ቅጽ ለአንድ ሰው ነው። ትርፍ አልመጣልንም።
በጎኑ ጻፊበት። ቀዳዳ አይከለክልም።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። ቡሪሶ ሊያይብኝ
አንገቱን አሰገገ፤ በክንዴ ከለልኩት።
ጥፍሬ ውስጥ ገና የሞተር ዘይት አለ።
«አዳ» ከቀዳዳው ወዲህ፣
«ማ» ከቀዳዳው ወዲያ።
የአባቴን ቃል ደግሞ በሁለተኛው መስመር፣
ሙሉውን፣ ሳልቆርጥ።
ሦስተኛው ባዶ ቀረ።

በመስኮቱ በኩል፣ ከሐይቁ ወገን
አንዲት ሞተር አስነጠሰች።
ደግማ አስነጠሰች።
እጄን ከወረቀቱ ሳላነሣ
ሦስተኛውን ጠበቅኩ።